ባለጫጩቷ እንግዳ

ጎረቤቴ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ስንት ዓመት ከኖሩበት የቀበሌ ቤት ወጥተው አራተኛ ፎቅ ሊገቡ ነው። ሶፋው ተጫነ፤ ቁም ሳጥኑ ተጫነ፤ ረከቦቱ ሳይቀር በፌስታል ተጠቅልሎ ተጫነ። የቀረችው አንዲት ገብስማ ዶሮ ናት፤ ከዘጠኝ ጫጩቶቿ ጋር። «እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ጫጩት አስከትዬ ደረጃ ልወጣ አይደል! አንተ ግቢ አለህ፣ ዶሮም አለህ፤ ከነልጆቿ ውሰዳት» አሉኝ። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። እኔም ደስ እያለኝ በካርቶን ተቀበልኳቸው።

ግቢዬ ውስጥ አንድ አውራና አምስት እንስት ዶሮዎች አሉ። ዶሮ ከዶሮ ጋር ምን ችግር አለበት ብዬ ካርቶኑን መሀላቸው ወስጄ ከፈትኩት። መጀመሪያ ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ዝም አሉ። ከዚያ የግቢዬ እመቤት ወሰራዋ መጣች። ገብስማዋ ላባዋን ነፍታ እጥፍ አክላ ጠበቀቻት። ተያያዙ። እውነቱን ለመናገር እንግዳዋ ጎበዝ ነበረች፤ ወሰራዋን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መልሳታለች። እሷ ከወሰራዋ ጋር ስትተናነቅ ግን ከኋላ በኩል ቀይዋ ተጠግታ አንዱን ጫጩት ጭንቅላቱ ላይ ነቆረችው፤ ደገመችው። ሮጬ ሳነሳው አንገቱን መሸከም አቅቶታል። ሁሉም ነገር ጀበና ተጥዶ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም። ጫጩቱ ማታውን ሞተ። አውራው? አውራውማ ጥሬ ያገኘ ይመስል ጥግ ይዞ «ኮክ ኮክ» እያለ ሚስቶቹን ይጠራ ነበር።

የገረመኝ ገዳይዋ ቀይዋ መሆኗ ነው። ቀይዋ ማለት ጥሬ ሲበተን መጨረሻ የምትበላ፣ ማታ ቆጥ ላይ ጠርዝ የሚደርሳት፣ አራቱም እየተቀባበሉ የሚነቁሯት ምስኪን ናት። አዝንላት ነበር። አንዳንዴም ከሌሎቹ ደብቄ ለብቻዋ እበትንላት ነበር።

ይህን ጉዳይ ከመቶ ዓመት በፊት ቁጭ ብሎ ያጠና አንድ ሰው አለ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቶርላይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ ይባላል፤ ኖርዌጂያዊ ነው። በ1894 ክሪስቲያንያ ተወለደ፤ የዛሬዋ ኦስሎ ማለት ናት። አባቱ አክሰል ኤበ ስዊድናዊ ቀራፂ ነበር፤ እናቱ ሜንጋ ሼልደሩፕም እንዲሁ ቀራፂ ነበረች። ልጃቸው ግን ከድንጋይ ይልቅ ዶሮ ወደደ። ገና በልጅነቱ ዶሮዎች አጠገብ እየተቀመጠ ማን ማንን እንደነቆረ መከታተልና መመዝገብ ጀመረ። ልጅ ሆነን ዶሮ ያላየን የለንም መቼም፤ ያየነውን ደብተር ላይ ያሰፈርነው ግን ስንቶቻችን ነን? ያ ምዝገባ በ1922 በጀርመንኛ የሥነ ልቦና መጽሔት ላይ ጥናት ሆኖ ታተመ።

ያገኘው ነገር ሲነገሩት ቀላል ይመስላል። በአንድ መንጋ ውስጥ ያሉ ማናቸውም ሁለት ዶሮዎች ጉዳያቸውን አንዴ ጨርሰውታል፤ አንደኛዋ ትነቁራለች፣ ሌላዋ ትነቆራለች፣ የተነቆረችው መልሳ አትነቁርም። ይህን «የመነቋቆር ተራ» እንበለው። አሥር ዶሮ ባለበት 45 ጥንድ አለ፤ 45ቱም መዝገብ የተዘጋ ነው። ሰላም የምንለው ያንን ነው። ዶሮዎች ተግባብተው ሲጭሩ የምናየው ስለሚዋደዱ ሳይሆን ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ ስለሚታወቅ ነው። ተራው ሁልጊዜ ቀጥ ያለ መሰላል አይደለም፤ አንዷ ሁለተኛዋን፣ ሁለተኛዋ ሦስተኛዋን፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ተመልሳ የመጀመሪያዋን የምትነቁርበት ክብም ያጋጥማል። ወንዶቹ የራሳቸው የተለየ ተራ አላቸው፤ የእኔ አውራ ጥግ የያዘው ለዚህ ይሆናል፤ ፈሪ ስለሆነም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ በእኔ ግቢ ስሌቱን ሥሩት። አምስት እንስት ማለት አሥር የተዘጋ መዝገብ ነው። እኔ አንድ ካርቶን በመክፈቴ በአንድ ደቂቃ አምስት አዲስ መዝገብ ከፈትኩ። አምስቱንም ጠብ በአንድ ጊዜ የምትሟገተው ደግሞ አንዲት ዶሮ ናት፤ ያውም ስምንት ዘጠኝ ልጅ እግሯ ሥር እየተራወጠባት።

የሼልደሩፕ-ኤበ የራሱ ታሪክ ከዶሮዎቹ ያነሰ አያሳዝንም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያቀረበችው የኖርዌይ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ክሪስቲነ ቦኔቪ ነበረች። ኋላ ተቃቃሩ። ጽሑፎቹ ጀርመን አገር እየታተሙ ስሙ በዓለም ሲጠራ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ የሚገባውን ወንበር ሳያገኝ ቀረ። በ1976 ነው የሞተው። ይኸው ሰው በ1935 በወጣ አንድ ትልቅ የሥነ ልቦና መድበል ውስጥ ስለ ወፎች ሲጽፍ አምባገነንነት የዓለም ሁሉ መሠረት ነው ወደሚል ድምዳሜ ሄደ። እኔ በዚህ ላይ ከሱ ጋር አልስማማም። ሰውየው መንጋውን ያየው ከጠርዝ ሆኖ ነው፤ ከጠርዝ ሲታይ ደግሞ መንጋ ሁሉ መንቁር ብቻ ይመስላል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሌላ ዓይነት ዓይን የነበረው ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዋርደር ክላይድ አሊ ነው። አሊ ኩዌከር ነበር፤ ጦርነትን የሚጠላ የክርስትና ወገን። እሱ የፈለገው እንስሳት እንዴት እንደሚነቋቆሩ ሳይሆን እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ነበር። ከጉል ጋር ሆነው በ1944 ያሳተሙት ጥናት ለእኔ ጉዳይ ቁርጥ ያለ መልስ አለው። አንዱን የዶሮ መንጋ ሳይነኩ ተዉት፤ ከሌላው ደግሞ በየጊዜው አንዷን እያወጡ በምትኳ እንግዳ አስገቡ። እንግዳ የሚመላለስበት መንጋ የበለጠ ተነቋቆረ፣ ያነሰ በላ፣ ክብደቱ ቀነሰ፣ እንቁላሉም አነሰ። ልብ በሉ፤ የተጎዱት እንግዶቹ ብቻ አይደሉም፤ ባለቤቶቹም ናቸው። የእኔዎቹም ገብስማዋ በመጣች ሰሞን እንቁላል አቁመው ነበር። ጥፋቱን በመኖው ላይ አላክኬ ነበር፤ አላግባብ።

ጉል ቀጠለበት። በ1953 ከኦርትማን ጋር ዶሮ ዶሮን በምን እንደምታውቅ ፈተኑ። የአንዷን ላባ ቀለም ቀቡ፣ የሌላዋን ቁንጮ መልኩን ለወጡ፤ ወደ መንጋዋ ሲመልሷት አብረዋት የኖሩት እንደ ባዳ ገጠሟት። መታወቂያቸው ራስና አንገት ነው፤ በተለይ ራስ ላይ ያለው ቀይ ቁንጮ። ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ቁንጮዋ ይገረጣል፣ ይኮማተራል፤ ስጋዋም ያልቃል። 21 ቀን ሙሉ በቀን አንዴ ብቻ ለመብልና ለውኃ ብድግ የምትል ዶሮ ምን ልትመስል ኖሯል? ዕቅፍ ላይ ሳለች ለብቻዋ ሌላ ክፍል ዘግተንባት ከርመን ጫጩት አስከትላ ስንመልሳት ለገዛ ጓደኞቿም አዲስ ሴት ልትሆንባቸው ትችላለች። የኔ ግምት ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት የተለያዩ ዶሮዎች እንደሚረሳሱ ግን የታወቀ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች ባልደረባችን ነበረች። ጠረጴዛዋ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ፣ የሻይ ሲኒዋ ጠፍቶ፣ ይዛው የነበረው ሥራ «ለጊዜው» ተብሎ ለሌላ ተሰጥቶ አገኘችው። አለቃው አልነበረም የባሰባት። የባሰባት ከእሷ በታች የነበረችው ልጅ ናት። እኔስ? እኔማ እንደ አውራው ጥግ ይዤ ነበር።

ወደ ዶሮዋ ልመለስ። በማግሥቱ ፈራ ተባ እያልኩ ለጎረቤቴ ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ አንዱ ጫጩት ሞተብኝ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «በቀን ነው በማታ ያስገባሃት?»

«በቀን።»

«ፈትተህ ለቀቅካታ!»

«አዎ።»

«ወይ አንተ… የተማረ ሰው ናት አልተባልክም እንዴ!»

ከዚያ ያስተማሩኝን እንዲህ ነው። ገብስማዋን ከነልጆቿ ግቢው መሀል ትልቅ ቅርጫት ደፍቼ ከሥሩ ላስቀምጥ፤ ሌሎቹ እያይዋት፣ እሷም እያየቻቸው ትሰንብት። ጥሬ ስበትን ከቅርጫቱ ውስጥም ከውጭም ልበትን፤ ጎን ለጎን እየበሉ ይለማመዱ። የጫጩቶቹ ውኃ ጠፍጣፋ ዕቃ ይሁን፤ አለዚያ ሰምጠው ይሞታሉ። ሳምንት አልፎ የምለቃት ቀን ጠዋት ሲራቡ ሳይሆን ወደ ማታ አካባቢ፣ ሁሉም ጠግበው ቆጥ ቆጥ ሲላቸው ይሁን። ጥሬውን አንድ ቦታ አልከምር፤ አራት አምስት ቦታ ልበትን። ጫጩት ብቻ የሚሾልክበት፣ ትልቅ ዶሮ የማይገባበት ጥግም ላዘጋጅ። «ለእሷ አትፍራላት፤ እናት ናት፣ ራሷን ታውቃለች። የምትፈራው ለልጆቹ ነው» አሉኝ።

እሳቸው ሼልደሩፕ-ኤበን አላነበቡም። እናታቸው ግን ገጠር ሳሉ ዶሮ የሚያስታቅፉት እዚያው ሰው ከሚተኛበት፣ ዶሮውም ከሚያድርበት ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ እንቅብ ላይ ገለባ ጎዝጉዘው ነበር። የቀሩት ዶሮዎች ጠዋት ሲወጡ፣ ማታ ሲገቡ በእሷ አጠገብ ያልፋሉ። አስቡት፤ እዚያ ቤት ዶሮዋ አንድ ቀን እንኳ ከመንጋው አልወጣችም። ስትፈለፍል የምትመለስበት ቦታ የለም፤ መቼ ሄደችና! የመጀመሪያዎቹን ቀናት እግሯን በገመድ ካስማ ላይ ያስሯታል፤ ጫጩቶቹ ከእሷ ስለማይርቁ ከጭልፊትም ከሌላ ዶሮም ይተርፋሉ። እኛ ከተማ ገብተን ቤቱን ስንከፋፍል ነው ዶሮ ማስተዋወቅ የሚባል ጣጣ የመጣብን።

ከእናቲቱ ጋር ጨርሶ ለመገላገል የተደረገው ሙከራ ደግሞ ረጅም ታሪክ አለው። ግብጾች እንቁላል ያለ ዶሮ በሙቀት መፈልፈል ከጥንት ያውቁበታል፤ አሪስጣጣሊስ ራሱ ግብጽ ውስጥ እንቁላል በፍግ ሙቀት እንደሚፈለፈል ጽፏል። ከጭቃ ጡብ የሚሠሩት የእንቁላል ምድጃዎቻቸው ኋላ የአውሮፓ ተጓዦችን ሲያስደንቁ ኖረዋል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኦሚዩር ያንን ጥበብ አገሩ ሊያስገባ ብዙ ደክሞ በ1749 መጽሐፍ አወጣበት። ነገሩ ንግድ የሆነው ግን አሜሪካ ነው፤ ካሊፎርኒያ ፔታሉማ ውስጥ ላይማን ባይስ ከ1879 ጀምሮ የሠራው መፈልፈያ ማሽን ከተማዋን የእንቁላል ከተማ አደረጋት። ማሽኑ ካለ የምትታቀፍ ዶሮ ምን ታደርጋለች? የታቀፈች ዶሮ እንቁላል አትጥልማ። ስለዚህ የማትታቀፈውን እየመረጡ ማራባት ያዙ። ነጭ ሌግሆርን የምንላት የዚያ ውጤት ናት፤ ከሞላ ጎደል እናትነት ከዘሯ የተነቀለላት ዶሮ።

እኛም አገር በ1950ዎቹ እንደ ዓለማያ ባሉ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ ሲገቡ «የፈረንጅ ዶሮ» ተባሉ። የሐበሻዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ እሱንም በየመሀሉ እየታቀፈች፣ ጫጩት እያሳደገች። የፈረንጇ ከሷ አራት አምስት እጥፍ ትሰጣለች። ክርክሩ በቁጥር ከሆነ አልቋል። ባለሙያ ባይኖርም ቤተሰቡ ክርክሩን በራሱ መንገድ ሲሠራ ኖሯል፤ እንቁላል የፈለገች እመቤት ዕቅፍ የያዛትን ዶሮ ቁልቁል ትሰቅላታለች፣ ጎረቤት ወስዳ ታሳድራታለች፣ ወይም አፍንጫዋ ውስጥ ላባ ትሰካባታለች። ጨካኝ ነገር ነው፤ ሲደረግ አይቻለሁ።

ዛሬ ገበሬው የሚገዛው የ45 ቀን ጫጩት ነው፤ በማሽን ተፈልፍሎ፣ በአምፖል ሙቀት አድጎ፣ ክትባቱን ጨርሶ። ለፈንግል ስንቱን ዶሮ ስንቀብር ለኖርን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም ጫጩቶች የመነቋቆር ተራቸውን የሚያበጁት ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ 45 ቀን ማለት ስድስት ሳምንት አልፎ ሦስት ቀን። ልክ ተራ መያዝ ሲጀምሩ፣ እናት ያለው ጫጩት ገና ከእናቱ ኋላ ኋላ በሚልበት ጊዜ፣ እነሱ በካርቶን ተጭነው ሰው ግቢ ይደርሳሉ። ነባሮቹ ዶሮዎች እዚያ ይጠብቋቸዋል። ከፊታቸው ላባዋን ነፍታ የምትቆምላቸው የለችም።

ያን ሰሞን ማታ ማታ በባትሪ ቅርጫቱን ገለጥ እያደረግሁ አይ ነበር። ስምንት ጫጩት ገብቶ አንድ እግር እንኳ አይታይም፤ ሁሉም ክንፎቿ ሥር ናቸው። የማቴዎስ ወንጌል ውስጥ ጌታ ስለ ኢየሩሳሌም ሲያዝን የዶሮና የጫጩቶቿን ምሳሌ ያመጣል። ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሲሰሙት የኖሩት እናቶቻችን ምሳሌውን የሚተረጉምላቸው አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ከበሩ ኋላ እንቅብ ላይ ትተው ነው የመጡት።

ዶሮ ራሷ ለዚህ አገር እንግዳ እንደነበረች ማን ያስታውሳል? መነሻዋ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ነው። በ2022 የወጣ ጥናት የለማዳ ዶሮን የመጀመሪያ አጥንቶች ታይላንድ ባን ኖን ዋት በሚባል ስፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ባለው ጊዜ ያስቀምጣቸዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ምሥራቅ ትግራይ ጉሎ መከዳ ውስጥ መዝበር በሚባል ጥንታዊ መንደር የዶሮ አጥንት ተገኝቷል፤ ሔሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ በ2016 እንዳሳተሙት ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 600 አካባቢ ይደርሳል። በአፍሪካ እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ውስጥ ነው። በባሕር ይሁን በምድር፣ አንድ ሰው ቅርጫት ተሸክሞ መዝበር የገባበት ቀን ነበር ማለት ነው። ያ ሰው ከኔ የተሻለ እንዳሰበበት ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ቅርጫቱን ያነሳሁት በዘጠነኛው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ወሰራዋ መጣች፤ አየቻት፤ ገብስማዋ ላባዋን ነፋች፤ ወሰራዋ ጥሬ ያየች መስላ ዞር አለች። ቀይዋ ስትጠጋ ግን ገብስማዋ አልጠበቀቻትም፤ እላይዋ ላይ ወጣችባት፤ ከዚያ ወዲህ ቀይዋ ያን አቅጣጫ ማየት ተወች። ጫጩቶቹን እስካስከተለች ድረስ ገብስማዋ ከሁሉም ቀድማ በላች። የፈረንጇ ነጭ ዶሮ እንኳ ጫጩት እግሯ ሥር ሲገባ ግራ ገብቷት ቆማ ታልፈዋለች፤ አትነካውም፣ አታቅፈውም።

በዘጠነኛው ሳምንት ግድም ቁንጮዋ ቀላ። እንቁላል ጣለች። ያን ሰሞን የገዛ ልጆቿ ሲከተሏት ዞራ ትነቁራቸው ጀመር፤ ማታ እነሱን ከታች ትታ ቆጥ ላይ ወጣች። ስምንቱም እዚያው መሬት ላይ ተጨናንቀው ሲጮኹ አመሹ። በማግሥቱ ወሰራዋ ጥሬው ላይ አንዴ ነቆረቻት፤ ገብስማዋ ምንም ሳትል መንገድ ለቀቀች። አሁን ሦስተኛ ናት።

ለእንቁጣጣሽ ጎረቤቴ መጡ። በርጩማ አውጥቼላቸው ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። ገብስማዋን ጠሯት፤ ቀና ብላ አይታቸው መጫሯን ቀጠለች። ጫጩቶቹን ቆጠሩ፤ ሦስቱ አውራ፣ አምስቱ ቄብ ሆነዋል።

«ዘጠኝ ሰጥቼህ ስምንት ነው የምታሳየኝ» አሉኝ።

«አጥፍቻለሁ እትዬ።»

«እንግዲያስ ትልቁን አውራ ያዝልኝ። ልጆቹ ዶሮ ወጥ ይሻሉ፤ ገበያው አይቀመስም።»

ማታ ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ በባትሪ ሄጄ ያዝኩላቸው። አልጮኸም። በማግሥቱ ማታ ስመለከት ቀይዋ ከጠርዙ አንድ ቦታ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ተኝታለች።